«ምናገባችሁ» ደክሟል፤ ምን ላድርግ?

የአንባቢያን ጥያቄ። መልስ የሚሰጡት በጅማ ዞን ወረዳዎች ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከኮቺ ነው። ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 61። ልጆቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ውሻዬ ነን።

ውሻው «ምናገባችሁ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ያኔ ከጎረቤታችን ከሐጂ ጋር በአጥር ተጣልተን ነበር፤ አንድ ክንድ ለማትሞላ መሬት ቀበሌ ድረስ ሄደናል። ባለቤቴ ቡችላውን ከአጋሮ በካርቶን ይዞት መጣና፣ ሐጂ እንዲሰሙ አጥሩ ሥር ቆሞ «ምናገባችሁ! ና ወዲህ!» እያለ ሲጠራው ዋለ። ሐጂ ገብቷቸዋል። ግን ቀልድ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ኦላ» ነው የሚሉት፤ በኦሮምኛ ጎረቤት ማለት ነው። እርቁም የመጣው በዚሁ ነው። አይነኩትም፤ በአረፋ በዓል ግን የአጥንቱን ድርሻ በጣሳ አድርገው አጥሩ ሥር ያስቀምጡለታል። እኔ ሳቆላምጠው ምኔ እለዋለሁ።

ምኔ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ከጥር ጀምሮ ውሃ አበዛ። በፊት በቀን አንድ ጣሳ የማይጨርሰው ባልዲውን ይገለብጠው ጀመር። ሌሊት በረንዳው ላይ ይሸናና ጠዋት ጆሮውን ጥሎ አያየኝም፤ ያፍራል። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ከሳ። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል፤ በባዶ ሆዱ ቢጫ አረፋ ያስመልሰዋል፤ ሥጋ ሳቀርብለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። አንድ ክሊኒክ ወስጄው ደሙን አዩና «ኩላሊቱ አልቋል» አሉኝ። ምን ይደረግ ስል ሰውየው ጓንቱን እያወለቀ «እማማ፣ ውሻ እኮ ነው፤ ሌላ ቡችላ እንፈልግልዎታለን» አለኝ። ስንት ዓመት ሠርቼ ለማንም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከፋሲካ በኋላ የኋላ እግሮቹ ሲንቀጠቀጡ አይቼ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ዲክሎፌናክ ግማሽ ግማሹን በዳቦ ደብቄ አሥር ቀን ያህል ሰጥቼዋለሁ። ነርስ ሆኜ!

ልጄ በስልክ «እማዬ አታሰቃዪው፣ አስወጊው» ይላል። አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ መርዝ ሰጥቶት አዌቱ ማዶ ሊጥልልኝ ዋጋ ነግሮኛል። እኔ 34 ዓመት ነፍስ ሳስገባ ነው የኖርኩት፤ ነፍስ ማስወጣት አልችልበትም። ኃጢአትስ አይደለም? ጊዜው መድረሱንስ በምን አውቃለሁ? ትናንት ማታ ጭራውን ቆልቶልኛል።

ሌላው፣ አይሳቁብኝ እንጂ፣ ካሁኑ እያለቀስኩ ነው። ለባለቤቴ ሰው ግቢውን ሞልቶ አብሮኝ አለቀሰ። ለዚህ ማን ይመጣል? ሐጂ ብቻ ናቸው ጠዋት ከሶላት ሲመለሱ በአጥር በኩል «ኦላ እንዴት አደረ?» የሚሉኝ።

የምኔ ባለቤት፣ ከኮቺ

መልስ

እትዬ፣ እኔም የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ነው። በእናንተ በኩል ሳልፍ ምኔ ስንት ጊዜ ጮኾብኝ ይሆናል።

ዲክሎፌናኩን ዳግመኛ እንዳይሰጡት። የሕክምና ሰው ስለሆኑ አለባብሼ አልነግርዎትም፤ ለውሻ ኩላሊትም ለጨጓራውም ጠላት ነው። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ የሚኖረው በዚያችው ደም ነው። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ፓራሲታሞል ይሻላል ብለውም እንዳይሞክሩ፤ ግቢው ውስጥ ድመት ካለች ደግሞ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

ይሁንና ሒሳቡን በትክክል እናስላው። ውሻ ውሃ ማብዛት የሚጀምረው ከኩላሊቱ ሥራ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። በተለመደው የደም ምርመራ ጎልቶ ሲታይ ሦስት አራተኛው ሄዷል። ምኔ ባልዲ መገልበጥ የጀመረው በጥር፣ እርስዎ ክኒኑን የሰጡት ከፋሲካ በኋላ። በሽታው ቤት ገብቶ ተደላድሎ የተቀመጠው ከክኒኑ በፊት ነው። ክኒኑ አልገፋውም አልልም። አላመጣውም ግን። ከዚህ በላይ በራስዎ ላይ አይጫኑ፤ ከዚህ በታችም አልቀንስልዎትም።

አሁን ሊደረግለት የሚችለው ይህ ነው። ሌሊት እንዳይሸና ተብሎ ውሃ እንዳይከለከል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ኩላሊቱ ውሃውን አስቀርቶ ሽንቱን ማወፈር ስላቃተው እንጂ ውሻው ጠግቦ አይደለም የሚጠጣው፣ ውሃ ከጎደለበት በአንድ ቀን ይወድቃል። በረንዳው ላይ ጆንያ ያንጥፉለት፣ ጠዋት ሲያፍር ደግሞ እንዳላየ ይለፉት። ሪንገር ላክቴት የሚባለውን በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳው ሥር መስጠት ይቻላል። መጠኑን በክብደቱ ልክ ሐኪም ይወስንልዎ እንጂ መርፌ መያዙን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁበታል። የውሻ ቆዳ ላላ ያለ ነው፤ ቆንጠጥ አድርገው ሲያነሱት እንደ ድንኳን ይቆማል፣ መርፌው እዚያ ሥር ይገባል፣ ፈሳሹ እንደ ሻኛ ያብጥና ቀስ እያለ ይመጠጣል። የማስመለሻ መከላከያም አለ፤ አፉ ውስጥ ቁስል ካለ (ድዱን ገልበው ይዩት) ምግብ የሚያዞረው ስለሚያመው ይሆናል። ከሥጋው ይልቅ የዕንቁላል ነጩን ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ይሞክሩለት። እሱንም እምቢ ካለ የፈለገውን ይብላ፤ በዚህ ጊዜ ለውሻ የምግብ ሕግ አይወጣለትም።

ይህ ሁሉ ቀን ይገዛል። ኩላሊት አይመልስም። አንዳንዱ ውሻ በዚህ እንክብካቤ ለወራት ይቆያል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። የምኔ ክሳቱንና አረፋውን ሳየው ረጅም ጊዜ አለው ብዬ ልሸነግልዎ አልፈልግም።

በምን አውቃለሁ ላሉት፣ ጭራው አይንገርዎ። እየሞተ ያለ ውሻ ለጌታው ጭራውን ይቆላል፤ በዚህ ሥራ ስቆይ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጭራ የሚነግርዎ እርስዎን መውደዱን ነው፣ አለማመሙን አይደለም። እኔ ለሰዎች የምመክረው እንዲህ ነው። ሁለት ሲኒ መስኮት ላይ ያስቀምጡ። ያልተቆላ ቡና ከቤትዎ አይጠፋም፣ ጅማ አይደል ያለነው። ማታ ማታ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዛሬ የበላው ሆዱ ውስጥ ዋለ? ሐጂ አጥሩ ጋ ሲመጡ በራሱ እግር ተነስቶ ሄደ? ሌሊቱን ሳያቃስት ተኛ? ከሦስቱ ሁለቱ አዎ ከሆነ አንድ ፍሬ በቀኙ ሲኒ ይጣሉ፤ ካልሆነ በግራው። «ነገ ይሻለዋል» የሚለውን አይቁጠሩ፤ እሱ የእርስዎ ስሜት ነው፣ የምኔ ቀን አይደለም። በሳምንቱ መጨረሻ የግራው ከበለጠ ለሐኪሙ ይደውሉ። ዐይን ይሸነግላል፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ ሲጠጣ የሳምንቱን መከራ ያስረሳል። ፍሬ ግን ፍሬ ነው።

ይህን የምለው ቆጥሬ ሳይሆን ሳልቆጥር ቀርቼ ነው። በ1996 ዓ.ም. ጃክ የሚባል ውሻ ነበረኝ፤ ሕመሙ የምኔ ዓይነት። ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ በአምስት ደቂቃ የምወስነውን ለራሴ ሲሆን ሦስት ሳምንት አንከባለልኩት። «ዛሬ ሾርባ ጠጥቷል»፣ «ትናንት በር ድረስ ሄዷል» እያልኩ ሰበብ አላጣሁም። በመጨረሻ ሰኮሩ ወረዳ ገንዲ ለሚባለው የከብት በሽታ የመድኃኒት ዘመቻ ነበረና ወረድኩ። ተራዬ አልነበረም፤ ለምኜ ነው የሄድኩት። በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባለቤቴ ብቻዋን በፋኖስ ይዛው አደረች። ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ እስከ ንጋት። ስመለስ ቀብራዋለች። በራፍ ላይ ያወለቀችው ጫማ ላይ ያለው ቀይ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። እራት አቀረበችልኝ። ስለዚያ ሌሊት አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ እስካሁን ግን በሌሊት ዝናብ ሲጥል ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

ኃጢአት ነው ወይ ላሉት እኔ ቄስ አይደለሁም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚለውንም ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከሙያው ወገን ግን አንድ ነገር ልበል። በእነዚያ 34 ዓመታት ምጥ የረዘመባትን ሴት «ተዋት፣ ተፈጥሮ ነው» ብለው ጥለዋት ሄደው አያውቁም። ጣር የረዘመበትን እንስሳ እኔም እንዲሁ ነው የማየው። ነፍሱን የሚያወጣው ኩላሊቱ ነው። እርስዎ የሚወስኑት መንገዱን ብቻ ነው።

የሰፈሩን ልጅ ግን ያባርሩልኝ። ውሻ የሚገደልበት ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ አእምሮን አያደነዝዝም፤ ጡንቻውን ሁሉ እየገተረ፣ እየሰማና እያየ፣ መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ ነው የሚገድለው። ያንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ዋጋ አይነግርም።

በሐኪም እጅ ሲሆን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጡንቻው ላይ ማስተኛ ይወጋል፤ ሳይላዚን ከሆነ ሊያስመልሰው ይችላል፣ አይደንግጡ። ከአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ጭንቅላቱ ይከብዳል። እግሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ተላጭቶ የደም ሥር ይያዛል፣ ከዚያ ማደንዘዣ መድኃኒት ከመጠን በላይ ይሰጣል፤ ፔንቶባርቢታል ወይም ክሊኒኩ ያለው የዚያ ዓይነት። በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆማል፣ ቀጥሎ ልቡ። ዐይኑ አይከደንም። ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ልቡ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ መተንፈስ ሊል ይችላል፤ እሱ ጡንቻ ነው፣ ምኔ አይደለም። እርስዎ ትንፋሽ መቁጠር የለመዱ ስለሆኑ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ቀን ከመያዝዎ በፊት ሐኪሙን «የሚሰጡት ምንድን ነው? መጀመሪያ ያስተኙታል?» ብለው ይጠይቁ። ልብ የሚያቆም ወይም ጡንቻ የሚያስር መድኃኒት ሳይተኛ ሊወጉት የሚሉ ከሆነ እምቢ ይበሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምሩትን ሐኪሞችም ማማከር ይችላሉ፤ ከኮቺ ሩቅ አይደለም። ቤት ድረስ የሚመጣልዎ ካገኙ ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ምኔ በባጃጅ ተንገላቶ፣ የማያውቀው ጠረጴዛ ላይ ባይሆን። ሐሙስ እንዳያደርጉት፤ የገበያ ቀን ነው፣ ሐኪም ሁሉ በከብት ይያዛል። እርስዎም አብረውት ይሁኑ። ጭንቅላቱን ይያዙ፣ በስሙ ይጥሩት፣ ሙሉ ስሙን።

ጉድጓዱ አስቀድሞ ይቆፈር፤ ይህን ለለቅሶው ስል አይደለም የምለው። የተሰጠው መድኃኒት ሬሳው ውስጥ ወራትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ያንን ሥጋ የበላ ጅብም ሆነ ጥንብ አንሳ ሊሞት ይችላል። ጅማ ላይ ጅብ ማታ የት እንደሚዞር አልነግርዎትም። ስለዚህ አዌቱ ዳር አይጣልም። አንድ ሜትር ተኩል ይቆፈር፣ ከጉድጓድ ውሃዎ ርቆ፣ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ጥግ። በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉት እንጂ በላስቲክ አይሁን። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ትልልቅ ድንጋይ ይደርደርበት፤ ቁራጭ ቆርቆሮ ካለ ከድንጋዩ ሥር ይግባ። አሁን ሰኔ ነው፣ ቀይ አፈሩ ለስልሷል፣ አንድ ጎረምሳ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ስለ ማልቀስዎ። ቋንቋችን ራሱ ጠያቂ ያጣውን ሞት «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይላል። የውሻ ደም አይጠየቅም ማለት ነው፤ እንግዲህ የሰፈር ሰው ቢስቅብዎ ከቋንቋው የወረሰው ነው። እድሩ ድንኳን አይተክልም፣ ንፍሮም አይቀቀልም። ግን ልብ ብለው እንደሆነ፣ ምኔ ሲሄድ በዚያ ግቢ ውስጥ የባለቤትዎን ቀልድ ጮክ ብሎ የሚያስጠራ ነገር አይኖርም። የሚያለቅሱት ለሁለቱም ይመስለኛል። ያልቅሱ። የምግብ ሳህኑ በዚያው ቀን ታጥቦ እንዲነሳ አያድርጉ፤ በደነገጡበት ቀን የጣሉትን ዕቃ በሳምንቱ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ጠዋት በር ሲከፍቱ እግርዎ ምኔን ለመዝለል ከፍ ይላል፤ ይህ ለሁለት፣ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ሐዘኑ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክልዎ ግን ለልጆችዎ ይደውሉ፣ ሳይደብቁ። ሌላ ቡችላ ይምጣ አይምጣ አሁን የሚወሰን አይደለም፣ ያ ጓንት አውላቂም ቢሆን አይወስንልዎትም።

ማን ይመጣል ብለዋል። ቦታውን ለመምረጥ ሐጂን ያማክሩ። በአጥሩ ሥር ይሻላል ይሉ ይሆናል፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ቀበሌ ሳይሄዱ ይስማሙ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ በጋሪ ነው የምተዳደረው፣ እዚሁ ጅማ፣ መንደራ። ሰው አሁን በባጃጅ ነው የሚሄደው፤ እኔ ሲሚንቶና ማገዶ ነው የማመላልስ። ፈረሴ ዳማ ነው፣ አብረን ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ዐምና የፊት እግሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ወጣበት፤ ፈነዳ፣ መግል ሆነ፣ ደረቱና አንገቱ ላይ ወጣ፣ አሁን አንድ ዐይኑ ተደፍኗል። አጥንቱ ይቆጠራል። ጓደኞቼ «ማታ ቦዬ ረግረጉ ጋ ወስደህ ልቀቀው፣ ጅብ ይገላግልሃል» ይሉኛል፤ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። ሁለት ጊዜ ወሰድኩት። ሁለቱንም ጊዜ ከኋላዬ ተከትሎኝ ቤት ገባ። ሦስተኛ ልሄድ አልቻልኩም። ምን ትለኛለህ?

ባለጋሪ ነኝ

መልስ

ወንድሜ፣ ሦስተኛ አትሂድ።

የምትነግረኝ በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ነው። ግላስና ጫና ቆዳውን ሲልጡት በሚወጣ ቁስል ይገባል፣ በዝንብ ይተላለፋል፣ በቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ መስመሮች ተከትሎ ይሄዳል፤ እባጩ እንደ ዶቃ የሚደረደረው ለዚህ ነው። እንደ ጅማ ባለ እርጥብና ከፍታው መካከለኛ በሆነ አገር የጋሪ ፈረስ ዋና ጠላት ነው። ሐኪም አይቶ ያረጋግጥልህ፣ የሚመስሉት ሌሎች በሽታዎች አሉ። አንድ ሁለት እባጭ ብቻ በነበረበት ጊዜ ፖታሲየም አዮዳይድ ለሳምንታት በአፉ ቢሰጠው፣ ቁስሉም ቢታጠብ፣ ሊድን ይችል ነበር። ይህን የምነግርህ ለዳማ ሳይሆን ለሚቀጥለው ፈረስህ ነው። ዐይንና ደረት ከያዘ፣ አጥንቱም ከታየ፣ ገንዘብህን መድኃኒት ላይ አታፍስ።

ጅብ ይገላግላል የሚሉህ ሰዎች ጠዋት ተመልሰው አይተው አያውቁም። እኔ አይቻለሁ፣ ሥራዬ ነበር። ጅብ እስኪሞት አይጠብቅም። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

ሐኪም አስተኝቶ በመድኃኒት ይጨርሰዋል፤ ለፈረስ የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ስለሆነ ዋጋውን አስቀድመህ ጠይቅ። መድኃኒቱ ካልተገኘ በጥይትም ይሆናል፣ ግን ቦታውን በሚያውቅ ባለሙያ እጅና ፖሊስ አውቆት እንጂ በጓደኛ ጠመንጃ አይደለም። የት እንደሚቀበር ቀበሌህን ጠይቅ። እነዚያን ጓደኞችህን አካፋ አስይዛቸው፤ ቦዬ ድረስ ለመሄድ ጉልበት ካላቸው ለዚህም አያጡም። ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ፈረሱን በራሱ እግር አፋፉ ድረስ ውሰደው። የወደቀ ፈረስ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ነው፤ ስትጎትቱት የሚታይህ ነገር ዕድሜ ልክህን አይለቅህም። ያን ዕለት ጠዋት ገብስ ስጠው። እስከ መጨረሻው ልጓሙን ያዝ። ሁለት ጊዜ ተከትሎህ የመጣ ፈረስ አንተ ካለህ ዝም ብሎ ይቆማል።

ቁስሉን በባዶ እጅህ አትንካ። ግላሱንና የቆዳውን ዕቃ ለማንም አትሽጥ፣ ለሌላ ፈረስም አታልብስ፤ ፈንገሱ እዚያ ላይ ይቆያል፣ አቃጥለው። ኑሮህ በጋሪ ላይ ሆኖ ይህን ስልህ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። የአንገቱን ቃጭል ግን ማስቀረት ትችላለህ፤ ብረት ነው፣ አንድ ቀን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈህ አለቅልቀው።